ከውጭ አሳ ለማስመጣት ላሰባችሁ፦ አሜሪካ ውስጥ ምን ይፈቀዳል፣ ምን አይፈቀድም፣ ከየት ይጀመራል

ባለፈው ሰመር ቶሮንቶ ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለልኝና «አንተ አሳ ትወዳለህ አይደል፣ ቤት ልቀይር ነው ታንኩ አይገባልኝም፣ ቀዩን አሮዋና መጥተህ ውሰደው» አለኝ። እኔ ሜሪላንድ ነው ምኖረው፣ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ አሳው ሰርተፊኬት አለው፣ ሰውነቱ ውስጥ ማይክሮቺፕ አለው፣ ካናዳ ውስጥ ከሱቅ በደረሰኝ የተገዛ ነው። ለአስር አመት ስመኘው የኖርኩት አሳ ነው፣ እውነቴን ነው ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ግን ያ አሳ የቡፋሎን ድልድይ በተሻገረበት ደቂቃ እኔ የአሜሪካን ፌደራል ህግ ጥሻለሁ ማለት ነው፣ ሰርተፊኬቱም ቺፑም አያድነኝም። ይሄን ለአክስቴ ልጅ ሳስረዳው አንድ ሰአት ፈጀብኝ፣ ከዛ ወዲህ ደግሞ ተመሳሳይ ጥያቄ ከብዙ ሰው ስለመጣብኝ በዝርዝር ልፃፈው ብዬ ነው። የምፅፈው በዋናነት አሜሪካ ላላችሁ ነው፣ አውሮፓና ገልፍ ላላችሁም ግን አብዛኛው አካሄድ ያው ነው።

መጀመሪያ ስሙን አጣሩ። የሱቅ ስም ማለቴ አይደለም፣ ሳይንሳዊ ስሙን። ሰው ሚሳሳተው እዚ ላይ ነው። «አሮዋና» ብሎ ሻጩ ሲነግራችሁ ቢያንስ አራት አምስት የተለያየ አሳ ሊሆን ይችላል። ከአማዞን ሚመጣው ሲልቨር አሮዋና፣ ኦስቲዮግሎሰም ቢሲሮሰም ሚባለው፣ አሜሪካ ውስጥ በፌደራል ደረጃ ችግር የለበትም፣ ተራ የአሳ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። ከአውስትራሊያ በኩል ያለው ጃርዲኒም አለ። የኤዥያው አሮዋና፣ ስክለሮፔጅስ ፎርሞሰስ፣ ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ ቀዩም ወርቃማውም አረንጓዴውም በህግ አንድ ዝርያ ነው የሚቆጠረው፣ ሁሉም የተከለከለ ነው። ልጅ እያሉ ደግሞ ላልለመደ ሰው ይመሳሰላሉ። ስለዚ ሻጩን «ሳይንሳዊ ስሙን ፃፍልኝ» በሉት፣ ካልፃፈ ወይም «ድራጎን ፊሽ ነው ምናምን» እያለ ከዞረ እዛው ተዉት። ስሙን ካገኛችሁ በኋላ ፊሽቤዝ ሚባለው የአሳ ዳታቤዝ ላይ አስገቡት፣ የድሮና ሌላ ስም ካለው ያሳያችኋል፣ ከዛ ስፒሺስ ፕላስ ሚባለው ዳታቤዝ ላይ አስገቡና የትኛው ዝርዝር ውስጥ እንዳለ እዩ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ አስር ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ዝርዝሮቹ። ሳይተስ ሚባለው አለም አቀፍ ስምምነት አለ፣ 1973 ዋሽንግተን ላይ ተፈርሞ 1975 ስራ ላይ የዋለ፣ ኢትዮጵያም ከ1989 ጀምሮ አባል ናት (እነዚ አመቶች በፈረንጅ ናቸው)። ሶስት አፔንዲክስ አለው። አፔንዲክስ 1 ሊጠፉ የደረሱት ናቸው፣ ከዱር ተይዘው ለንግድ ከሀገር ሀገር አይሄዱም። አፔንዲክስ 2 ንግዱ ይፈቀዳል ግን የወጣበት ሀገር መንግስት የኤክስፖርት ፐርሚት ሊሰጥ ግድ ነው። አፔንዲክስ 3 አንድ ሀገር «የኔን እንስሳ ተከታተሉልኝ» ብሎ ያስመዘገበው ነው። ከአኳሪየም ሰው ጋር ሚገናኙትን ልጥቀስ፦ የባህር ፈረስ፣ ሂፖካምፐስ ሚባሉት በሙሉ፣ ከ2004 ጀምሮ አፔንዲክስ 2 ናቸው። ናፖሊዮን ፊሽ ሚባለው ትልቁ የባህር አሳ፣ አራፓይማ፣ ክላሪዮን ኤንጀልፊሽ፣ የአውስትራሊያው ላንግፊሽ፣ እነዚም አፔንዲክስ 2 ናቸው። አሳ ባይሆንም የድንጋይ ኮራልና ጃይንት ክላም እዛው ናቸው፣ ሪፍ ታንክ ያላችሁ ይሄን እንዳትረሱ፣ ከእረፍት ስትመለሱ ከባህር ዳር ያነሳችሁት ኮራል ራሱ ፐርሚት ሊፈልግ ይችላል።

ዜብራ ፕሌኮን ለብቻው ላንሳው ምክንያቱም እኛ ሀበሾች ጋርም እየተለመደ ነው። ነጭና ጥቁር መስመር ያለው ትንሽ አሳ ነው፣ ኤል 46 ይሉታል፣ በአለም ላይ ሚገኘው ብራዚል ውስጥ ሺንጉ ወንዝ ላይ ብቻ ነው፣ እዛ ላይ ደግሞ ቤሎ ሞንቴ ሚባል ግዙፍ ግድብ ተሰርቶበታል። መጀመሪያ ብራዚል አፔንዲክስ 3 ላይ አስገባችው፣ ከዛ 2022 ፓናማ ላይ በተደረገው ስብሰባ ወደ አፔንዲክስ 2 ገባ፣ ከዱር ለንግድ ሚያዘው ኮታ ደግሞ ዜሮ ነው። ስለዚ ይሄን አሳ ስትገዙ «የት ተራባ» ብላችሁ መጠየቅ የግድ ነው፣ ቤት ውስጥ ያራቡት ሰዎች ብዙ ናቸው፣ በህጋዊ መንገድ ይገኛል፣ «ከወንዝ የመጣ ኦሪጅናል ነው» ብሎ ሚያስከፍላችሁ ሰው ካለ ግን ሚሸጥላችሁ የኮንትሮባንድ እቃ ነው።

እዚ ጋር ነው የአሮዋናው ነገር ግራ ሚያጋባው። የኤዥያው አሮዋና አፔንዲክስ 1 ላይ ነው፣ ግን ኢንዶኔዥያ፣ ማሌዥያ፣ ሲንጋፖር ውስጥ በሳይተስ የተመዘገቡ እርባታዎች አሉ፣ እዛ የተራባው አሳ ቺፕ ገብቶለት ሰርተፊኬት ይዞ ለንግድ መውጣት ይችላል፣ እንደ አፔንዲክስ 2 ነው ሚታየው። ስለዚ ካናዳ ይሸጣል፣ እንግሊዝ ወረቀቱ ከተሟላ ይያዛል፣ የአውሮፓ ህብረት ሀገሮችም ውስጥ እንደዛው። አሜሪካ ግን ከሳይተስ ሌላ የራሷ ህግ አላት፣ ኢንዴንጀርድ ስፒሺስ አክት፣ ይሄ አሳ ከ1976 ጀምሮ እዛ ዝርዝር ላይ ነው ያለው፣ ህጉ ደግሞ የዱር ነው የእርባታ ነው ብሎ አይለይም፣ ዝርያው ካለ አለ ነው። ማስገባት ክልክል፣ ከስቴት ስቴት መሸጥ ክልክል። ፐርሚት አለ ወይ ካላችሁ አለ፣ ግን ለሳይንስ ወይም ዝርያውን ለማትረፍና ለማራባት ለሚጠቅም ስራ ብቻ ነው፣ ለሳሎን ማሳመሪያ ማንም አይሰጣችሁም። ቅጣቱ እያወቁ ከጣሱት እስከ 1 አመት እስርና እስከ 50,000 ዶላር ይደርሳል፣ ሌሲ አክት ሚባለው የ1900 ህግ ከተጨመረበት ደግሞ እስከ 5 አመት እስር አለው።

ብዙ ሰው «ከተራባ ምን ችግር አለው፣ ዱሩን አልነካሁ» ይላል፣ እኔም እንደዛ ነበር ማስበው። ግን ስለ አሳው ባወቅኩ ቁጥር ሀሳቤ ተቀየረ። ይሄ አሳ እንቁላሉን አፉ ውስጥ ነው ሚያሳድገው፣ አባትየው ነው ሚይዘው፣ ለሳምንታት አፉ ውስጥ ይዞ ልጆቹን ይጠብቃል፣ እንቁላሉም እንደ ሌላ አሳ ሺ በሺ አይደለም፣ በጣም ጥቂት ነው። ቀዩ ከምእራብ ቦርኒዮ፣ ካፑአስ ሚባል ወንዝ አካባቢ ነው ሚመጣው። አንድ ወንድ አሳ ከዛ ወንዝ ወጣ ማለት አፉ ውስጥ ያሉት ልጆችም አብረው ወጡ ማለት ነው። ህጋዊ ገበያ ሲሰፋ የዱሩን በእርባታው ስም አሳልፎ መሸጥ ይቀላል፣ አሜሪካ በሩን የዘጋችው ከመጠን በላይ ነው ሚሉ አሉ፣ ክርክሩ ይገባኛል፣ እኔ ግን ከአባትየው ጎን ነኝ።

ሌላው ሰው ፈፅሞ ማያስበው ዝርዝር ኢንጁሪየስ ዋይልድላይፍ ሚባለው ነው። ይሄ አሳው ስለሚጠፋ ሳይሆን እዚ ገብቶ ስለሚያጠፋ ነው። እኛን ሀበሾችን በቀጥታ ሚነካን ነገር አለ እዚ ውስጥ፦ አምባዛ። አዎ፣ ጣናም ሀዋሳም ዝዋይም ምናውቀው አምባዛ። ክላሪዴ ሚባለው ቤተሰብ በሙሉ ዝርዝሩ ላይ ስላለ ህያው አምባዛ ወይም እንቁላሉን አሜሪካ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ለአራዊት ማቆያ፣ ለትምህርት ወይም ለምርምር በልዩ ፐርሚት ካልሆነ በቀር። ስኔክሄድ ሚባሉትም በሙሉ ከ2002 ጀምሮ እንደዛው ናቸው። እንዴት እንደገባ እዚ ሜሪላንድ ያለን ሰዎች እናስታውሳለን፣ ክሮፍተን ሚባል ቦታ አንድ ሰው ለምግብ ከገበያ የገዛቸውን ሁለት ስኔክሄድ ኩሬ ውስጥ ለቀቃቸው፣ ተባዙ፣ ኩሬው በመርዝ መፅዳት ነበረበት። ፖቶማክ ውስጥ ደግሞ በ2004 ተገኘ፣ አሁን እዛው ነዋሪ ሆኗል። ቆሮሶም (ቲላፒያ) ላይ፣ የቲላፒያ ቫይረስ ስለተፈራ፣ የግብርና መስሪያ ቤቱ፣ ኤፊስ ሚሉት፣ 2019 መጨረሻ ላይ የኢምፖርት ፐርሚትና የጤና ሰርተፊኬት መጠየቅ ጀምሮ ነበር፣ አሁን ያለውን ከነሱ አጣሩ። ጎልድፊሽና ኮይም በሌላ በሽታ ምክንያት የኤፊስ ፐርሚት አላቸው። ጥበቃ የሚደረግለት አሳ ስላልሆነ ነፃ ነው ማለት አይደለም ለማለት ነው።

ከኢትዮጵያ አሳ ማምጣት ለምትፈልጉ አንድ አንቀፅ ልስጥ። ጣና ውስጥ ያሉት ላቤዮባርበሶች በአለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ ከአስር በላይ ዝርያዎች ናቸው፣ ባሮ ውስጥ ያለው ሄተሮቲስ ደግሞ የአሮዋና ዘመድ ነው፣ የአፍሪካ አሮዋና ይሉታል፣ ጋምቤላ ሰው ይበላዋል እዚ ሰው ታንክ ውስጥ ሊያየው ይከፍላል። ሳይተስ ላይ የሉም። ግን «ሳይተስ ላይ ከሌለ በቃ» አትበሉ፣ ሌሲ አክት ሚለው የሌላ ሀገር ህግ ተጥሶ የተያዘ ወይም የወጣ እንስሳ እዚ ሲገባ እዚም ወንጀል ነው ነው። ኢትዮጵያ የአሳ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 (እዚ ጋር አመቶቹ በኛ አቆጣጠር ናቸው) አላት፣ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ደግሞ የጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት ክልክል ነው፣ ፈቃዱን ሚሰጠው የብዝሀ ህይወት ኢንስቲትዩት ነው። ስለዚ ባህር ዳር ላይ ከአሳ አጥማጅ በሀምሳ ብር ገዝታችሁ በፕላስቲክ ከረጢት ሻንጣ ውስጥ አይደለም፣ መጀመሪያ ኢንስቲትዩቱ ጋር ሄዶ መጠየቅ ነው።

ስቴት ቶሎ ልበል። የፌደራሉን ስላለፋችሁ አልጨረሳችሁም። ካሊፎርኒያ ፒራንሃ ክልክል ነው፣ ሌላም ረጅም ዝርዝር አላት፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድም የየራሳቸው አላቸው። የስቴታችሁ ዋይልድላይፍ መስሪያ ቤት ዌብሳይት ላይ ገብታችሁ ፈልጉ፣ ካልገባችሁ ኢሜይል አድርጉ፣ መልሱን ሴቭ አድርጉት።

አሁን አሳው የተፈቀደ ሆነ እንበል። ለምሳሌ አፔንዲክስ 2 የሆነ፣ በእርባታ የተገኘ የባህር ፈረስ ከውጭ ልታስመጡ ነው። የላኪው ሀገር የሳይተስ ኤክስፖርት ፐርሚት ያስፈልጋል፣ ኦሪጅናሉ፣ ፎቶኮፒ ወይም ዋትሳፕ ላይ የተላከ ፎቶ አይሰራም። ፐርሚቱ ላይ የምታዩት ሳይንሳዊ ስሙ፣ ብዛቱ፣ የላኪና የተቀባይ ስም፣ ቀኑ (ከ6 ወር በላይ ካለፈው ሞቷል)፣ እና ሶርስ ኮድ ሚባለው ፊደል ነው። ደብሊው ከሆነ ከዱር ነው፣ ሲ ከሆነ በእርባታ የተገኘ ነው፣ ዲ ከሆነ አፔንዲክስ 1 ሆኖ ከተመዘገበ እርባታ ለንግድ የወጣ ነው። ሻጩ «ቤት የተራባ» ብሏችሁ ወረቀቱ ደብሊው ካለ አንዱ ውሸት ነው። ብዛቱም ልክ ይሁን፣ አስር ተብሎ ተፅፎ አስራ ሁለት ከተገኘ ችግሩ በሁለቱ ትርፍ አያበቃም፣ ሁሉም ሊያዝ ይችላል።

ከዛ ወደቡ። የዱር እንስሳ፣ አሳም ጭምር፣ በየትኛውም ኤርፖርት አይገባም፣ በህግ የተመደቡ ወደቦች አሉ፦ ባልቲሞር፣ ኒውዮርክ፣ ኒዋርክ፣ አትላንታ፣ ማያሚ፣ ዳላስ ፎርት ዎርዝ፣ ሂውስተን፣ ቺካጎ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ሲያትል እና ሌሎችም። ዲሲ አካባቢ ያለን ሰዎች ከአዲስ ስንመጣ ምናርፍበት ዱልስ ዝርዝሩ ላይ የለም፣ ስለዚ በዛ በኩል ለማስገባት ሌላ ልዩ ፐርሚት አስቀድሞ ማውጣት አለ። ህያው እንስሳ ሲሆን ለፊሽ ኤንድ ዋይልድላይፍ ሰርቪስ (የፌደራሉ የአሳና የዱር እንስሳት መስሪያ ቤት) ኢንስፔክተሮች ከመድረሱ ቢያንስ 48 ሰአት በፊት ማሳወቅ ያስፈልጋል፣ ፎርም 3-177 ሚባለውን ዲክላሬሽን መሙላት አለ፣ ኢዲክስ ሚባል ኦንላይን ሲስተም አላቸው፣ በሱ ነው ሚሞላው። እነሱ ሳይፈርሙ ከስተምስ አይለቀውም። ለሽያጭ ከሆነ ደግሞ የኢምፖርት ኤክስፖርት ላይሰንስ ያስፈልጋል፣ «ለጓደኞቼ ነው ትንሽ አትርፌ» ያው ሽያጭ ነው። የኢንስፔክሽን ክፍያ እንደ ሁኔታው ስላለ ወደቡ ጋር ደውላችሁ ስንት እንደሆነ ጠይቁ፣ አንዳንዴ ክፍያው ከአሳው ዋጋ ይበልጣልና።

«ለራሴ ነው፣ የግል እቃዬ ነው» ሚለው አይሰራም። ሳይተስ ላይ ለግል እቃ ሚደረገው ቅለት ለህያው እንስሳ አይሆንም። በሻንጣና በልብስ ውስጥ ደብቆ ማለፍን በጭራሽ አታስቡት። 2005 ላይ አንዲት ሴት ከሲንጋፖር ወደ ሜልበርን ስትገባ ከቀሚሷ ስር በታጠቀችው ሽርጥ ውስጥ 51 ህያው አሳ በፕላስቲክ ከረጢት ይዛ ተይዛለች፣ ከወገቧ አካባቢ የውሀ ድምፅ ሰምተው ነው ያገኙባት። እኔ ሚያሳዝነኝ አሳዎቹ ናቸው፣ እንደዛ ታሽገው ለሰአታት፣ ኦክስጅኑ እያለቀ ውሀው እየቆሸሸ። በህግ ሚላክ አሳ ቢያንስ በኦክስጅን በተሞላ ድርብ ከረጢት፣ በስታይሮፎም ሳጥን፣ ሙቀቱ ተጠብቆ ነው ሚመጣው።

እዚው አሜሪካ ውስጥ ቀይ አሮዋና ልሽጥልህ ሚላችሁ ሰው አያጣም። እኔ ራሴ አንድ ሱቅ ውስጥ፣ ስሙን አልጠራም፣ ሻጩ ወደ ጓዳ ወስዶኝ ጨለማ ውስጥ ያለ ታንክ አሳይቶኛል፣ ጣት የምታክል ልጅ አሮዋና፣ «ወረቀቱ በኋላ ይመጣል» አለኝ። ለኤዥያ አሮዋና አሜሪካ ውስጥ በኋላ ሚመጣ ወረቀት የለም። የሳይተስ ሰርተፊኬት ቢያሳያችሁ ራሱ የሌላ ሀገር ወረቀት ነው፣ እዚ እንዲገባ ሚፈቅድ አይደለም። ለሌላው አሳ ደግሞ ደረሰኝ ላይ ሳይንሳዊ ስሙና ከማን እንደመጣ ይፃፍ፣ አስመጪው ያፀዳበትን የ3-177 ኮፒ ማሳየት ሚችል ሱቅ ካገኛችሁ ደንበኛ ሁኑለት።

ሳታውቁ ገዝታችሁ ቤታችሁ ያለ ካለስ? እባካችሁ ወንዝ ውስጥ አትልቀቁት፣ ክሮፍተንን አስቡ። አትሽጡት፣ ለጓደኛም አትስጡት፣ እነሱ ላይ ችግሩን ማሻገር ነው። መጀመሪያ ጠበቃ አናግሩ፣ ከዛ በጠበቃው በኩል ለፊሽ ኤንድ ዋይልድላይፍ ማስረከብ ይቻላል፣ እንደዚ የተያዙ አሳዎች ብዙ ጊዜ ወደ ህዝብ አኳሪየም ወይም አራዊት ማቆያ ነው ሚሄዱት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

አሮዋና ካማራችሁ፣ እንደኔ ካማራችሁ፣ ሲልቨሩ አለ። ግን እሱም ቀልድ አይደለም፣ አንድ ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ከ250 ጋሎን ያነሰ ታንክ ውስጥ ማቆየት ማሰቃየት ነው፣ ከውሀ ውስጥ ነፍሳት ለመያዝ ዘሎ ሚወጣ አሳ ስለሆነ ከባድ ክዳን ያስፈልገዋል፣ ክዳን ረስቶ ጠዋት ምንጣፍ ላይ ያገኘው ሰው አውቃለሁ። እኔ ከአመት በፊት የገዛሁት 18 ኢንች ደርሷል፣ ደረሰኙን ከታንኩ ጎን ላሚኔት አድርጌ ሰቅያለሁ፣ ኮፒው ስልኬ ውስጥ አለ። የአክስቴ ልጅ ቀዩን እዛው ቶሮንቶ ላለ ሰው ከነሰርተፊኬቱ፣ የቺፑን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አስተያይቶ አስረከበው፣ ለገና ስሄድ አሳየኝ ብዬዋለሁ፣ አውሮፕላን ነው ምሄደው።